ከቀብር በፊት የሚነገር ታሪክ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። በሁለት ብሎኮች መካከል የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ ኮሙናሉ ውስጥ ለነገ ይሰናዳሉ። ከድንኳኑ ጥግ፣ አምፖሉ ሥር፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። "አንተ ኮምፒዩተር ትችላለህ" ተብሎ የአያቱን የሕይወት ታሪክ የመጻፉ ሥራ ለእሱ ተሰጥቷል። ነገ ፍትሐቱ እንዳበቃ ሕዝቡ ፊት የሚነበበው ይኸው ነው።

መግቢያው አላስቸገረውም። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር..." የሚለውን ቀብር የቆመ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እጁ የቆመው እገሊት ላይ ሲደርስ ነው። የአያቱ እናት ማን ይባሉ ነበር? እናቱን ጠየቀ። እናቱ ታላቅ እኅቷን ጠራች። ታላቅየዋ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አንሥታ ትንሽ አሰበችና "እኛ እማ ትልቋ ነበር የምንላቸው" አለች። ስሙ ግን አልመጣም። የልደት ዘመኑ ላይማ ሁለት አጎቶች ሊጣሉ ደረሱ፤ አንዱ "ጣልያን ሲገባ ጥጃ ያግዱ ነበር" ሲል ሌላው "ኧረ ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው የተወለዱት" ብሎ ማለ። ልጁ ሁለቱንም ለማስማማት "በ1920ዎቹ መጨረሻ" ብሎ ጻፈ።

ይኼኔ ከአራት ኪሎ የመጡ፣ ቤተሰቡ በመልክ እንጂ በስም የማያውቃቸው አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። ልጅ ሳሉ ሊስትሮ ነበሩ። የማታ ትምህርት ቤት ወርኃዊ ክፍያቸውን የሚሸፍኑላቸው ሟቹ እንደነበሩ፣ ፊደል የቆጠሩትም በእሳቸው ገንዘብ እንደሆነ ተናገሩ። ለስንት ጊዜ? "አራት ዓመት ሙሉ።" የሟቹ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። አባታቸው ይህን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ተራ ሰው ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚነበበው አንዴ ብቻ፣ ያውም ባለቤቱ በማይሰማበት ቀን ነው። አድማጩ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ግማሹ ስልኩን ያያል፤ ግማሹ መኪናውን የት እንዳቆመ ያስባል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው በአንድ ሌሊት የለቃቀመውን ነው የሚያነበው። ስሕተቱን ሊያርሙ የሚችሉት ብቸኛ ሰው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ደግሞም ቅርጹ ራሱ ሰውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል፤ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ በተለያየ የሥራ መስክ አገለገሉ፣ ይህን ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች አፈሩ፣ ደግና ሰው ወዳድ ነበሩ። የሊስትሮው የማታ ትምህርት ግን ለዚህ ቅርጽ አይመችምና ብዙ ጊዜ ይቀራል። ልጅ ልጆቻቸው ሊያውቁት የሚገባው ግን በትክክል እሱን ነው።

ይህ ዝም ብሎ ስሜት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለልጆች የሚቀርቡ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር። ሐሳቡን የጫረችው የዱክ ባለቤት ሣራ ናት። የመማር ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስትሆን፣ ስለ ቤተሰባቸው ብዙ የሚያውቁት ልጆች ችግር ሲገጥማቸው የተሻለ እንደሚቋቋሙ አስተውላ ነበር። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። አባትና እናትህ እንዴት እንደተዋወቁ ታውቃለህ? እናትህ የት እንዳደገች፣ አያቶችህ ከየት እንደመጡ፣ ስትወለድ ምን እንደሆነ፣ በቤተሰቡ ላይ ምን ክፉ ነገር ደርሶ እንደነበረ ታውቃለህ? ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ፤ መልሱን ልጁ በዓይኑ ሊያየው የማይችል መሆኑ። ሰው ቁጭ ብሎ ካልነገረው በቀር ከየትም አያገኘውም።

ተመራማሪዎቹ ሃምሳ ከማይሞሉ ቤተሰቦች ጋር ሠሩ፤ የራት ሰዓት ወሬያቸውን ቀዱ፤ ልጆቹን በሌሎች የሥነ ልቦና መመዘኛዎችም ለኩ። ብዙ ጥያቄ የመለሱት ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ ያለ፣ ሕይወታቸው በእጃቸው እንዳለ የሚሰማቸው፣ ቤተሰባቸውም የተሻለ የሚግባባ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲመቱ ምሁራኑ ወደ እነዚያው ልጆች ተመለሱ። ድንጋጤውን በተሻለ የተቋቋሙት እንደገና የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያውቁት ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አጥኚዎቹ ራሳቸውም ያስጠነቅቃሉ። ለልጅዎ ሃያውን መልስ በቃሉ ቢያስጠኑት ምንም አይፈይድም። ጥቅሙ ከመረጃው ሳይሆን መረጃው ከተላለፈበት መንገድ ነው የሚመጣው፤ አብሮ ከመቀመጥ፣ አንዱን ታሪክ አሥር ጊዜ ከመስማት፣ አያት ሲጀምሩ ልጅ ከመጨረስ። ለአሜሪካኖቹ ይህ የራት ጠረጴዛ ነው። ለእኛ ቡና ነበር። "ነበር" ያልኩት አውቄ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለታሪክ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ግን ቴሌቪዥኑ ከረከቦቱ ፊት ለፊት ተሰቅሎ፣ ሁሉም የየራሱን ስልክ ይዞ፣ አቦሉ ራሱ በተከታታይ ድራማ ያልቃል።

የማስታወስ ችሎታ ራሱ ታሪክ በመስማት እንደሚገራ የሚያሳይ ምርምርም አለ። በኒውዚላንድ የተሠራ አንድ ጥናት የማኦሪ ተወላጆችን ከሌሎች ዜጎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የማኦሪዎቹ የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚጀምር አገኘ፤ ከሌሎቹ ይቀድማል። ማኦሪዎች የዘር ሐረግንና ያለፈን ነገር አብዝቶ በመተረክ የታወቁ ናቸው። ገና አፍ ሲፈታ የሚተረክለት ልጅ የራሱንም ሕይወት መተረክ ቶሎ ይጀምራል።

ታሪክ መንገር ለእኛ አዲስ ሆኖ ሊሰበክልን ባልተገባ ነበር። የአገራችን ገበሬ እኮ ዘሩን የሚቆጥረው ለጨዋታ አልነበረም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብዕ አጥኚ ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ አንድ ሰው መሬት ሊጠይቅ የሚችለው ከዋና አባቱ፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ መወለዱን፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ፣ ወይም በእናቱ አባት እናት በኩል፣ ሐረጉን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። የሴት አያቱን ትውልድ የማያውቅ ሰው በዚያ በኩል የሚደርሰውን መሬት አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የሚከበረው ስለ ሸበተ ብቻ አይደለም፤ የሙግት ማስረጃው እሱ ስለሆነ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ሲባል፣ ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኛ ነፃነት የሆነው አዋጅ፣ ሰሜን ላይ ዘር የመቁጠርን ትልቁን ምክንያት ይዞት ሄደ። ይህን ሲናገሩ ብዙም አልሰማም፤ ግን ለመርሳታችን አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። መሬት የማያስገኝ ስም ማን ይሸመድዳል?

የቀረው ጋብቻ ነው። ሽማግሌ ሲላክ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አሁንም አለ፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሙሽሮቹ አዳራሽ ከተከራዩ በኋላ። ቆጠራው ጨርሶ ያልቀረባቸው ቤቶችም አሉ፤ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሚኖሩ የሶማሌ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የአባቶችን ስም ወደ ላይ እየቆጠሩ ያስጠናሉ። ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት ከየካ እስከ ቦሌ ያለውን መሬት ያርሱ የነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ቤተሰቦችም ጎሳቸውን ወደ ኋላ መቁጠር ያውቁበታል። ዛሬ ልጆቻቸው አስፋልትና ፎቅ የበላው ማሳ ላይ ቆመው "የአያቴ ጤፍ እዚህ ነበር" ቢሉ የሚያረጋግጥላቸው ምልክት የለም፤ ከቃል በቀር።

ምሥራቅ አዲስ አበባ ከዚህ አንጻር ልዩ ቦታ ነው። አብዛኛው ነዋሪ መጤ ነው፤ ቦታውም ሰውን ያለ ትዝታ ይቀበላል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄት አውሮፕላኖች ሲያስገባ የልደታው ማኮብኮቢያ አልበቃ ስላለ አየር ማረፊያው ወደ ቦሌ መጣ፤ ከመስቀል አደባባይ የሚነሣው መንገድ ተከትሎ ቪላዎች ተሠሩ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ከአንድ በላይ ቤት ያለውን ትርፉን ወረሰው። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። "ያ ቤት የእኛ ነበር" እየተባለ ከሚኒባስ መስኮት በጣት የሚታይ ቤት ያልነበረው የድሮ የቦሌ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ከዚያ ኮንዶሚኒየሞቹ መጡ። ዕጣ የደረሰው ከመሀል ከተማ ተነሥቶ አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ገባ፤ ጎረቤቱ ምናልባት ጀሞ ደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ እንደገና ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። የልማቱን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው። እዚህ የሚያገባን ቤት ሲፈርስ አብሮት የሚሄደው ነገር ነው። የአራት ኪሎ ግቢ ውስጥ አንድ አያት ታሪክ ለመጀመር ብዙ መቸገር አልነበረባቸውም፤ በሩ፣ የተጣመመው ዛፍ፣ የጎረቤት አጥር እያስታወሰ ያስጀምራቸው ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት በሆነበት ኮሪደር፣ የሚያስጀምር ነገር የለም። ደረጃው ስለሚያደክማቸው ከቤት አይወጡም። ልጅ ልጃቸው ከግል ትምህርት ቤት ሲመለስ እንግሊዝኛ ይቀናዋል፤ እሳቸው ደግሞ ተረታቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ ነው። አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ይውላሉ። ለዚህ ለቋንቋው ነገር ወላጅን እወቅሳለሁ። ለእንግሊዝኛው በየወሩ የሚከፍል ሰው ለአያት ቋንቋ ትንሽ ሰዓት መስጠት አያቅተውም።

ዱክ እና ፊቩሽ የቤተሰብ ታሪክ በሦስት መልክ እንደሚነገር ይላሉ። አንደኛው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ነው፤ ባዶ እጃችንን መጥተን ይኸው ደረስን። ሁለተኛው ወደ ታች ብቻ፤ ሁሉ ነበረን፣ ሁሉን አጣን። ሦስተኛው ውጣ ውረዱን ሳይደብቅ የሚናገር ነው፤ አገኘን፣ ተወረስን፣ አጎትህ ታሰረ፣ እናትህ ጉልት ቸርችራ አስተማረችን፣ ግን አልተለያየንም። ለልጅ የሚበጀው ሦስተኛው ነው፤ መውደቅ የሁሉም ነገር መጨረሻ እንዳልሆነ ከራሱ ደም ማስረጃ ያገኛልና። የቦሌን ሳሎኖች ያየ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደሚበዙ ያውቃል። ነጋዴው አባት በባዶ እግሩ መርካቶ ገብቶ እንዴት ፎቅ እንደሠራ ይናገራል፤ ሁለት ጊዜ ከስሮ ወንድሙ ያቋቋመውን ነገር ግን ይዘለዋል። የተወረሰው ቤተሰብ ልጅ ደግሞ የቪላውን ታሪክ እንጂ፣ ከቪላው በኋላ እናቱ በስፌት እንዴት እንዳሳደገችው አይናገርም። ሁለቱም የዘለሉት ለልጃቸው የሚጠቅመውን ነው።

ከሚዘለለው ታሪክ ብዙው የሴቶች መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእኛ ስም አወጣጥ በአባት ብቻ ይሄዳል። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው እንኳ የእናቱን እናት እናት ሲጠየቅ ይቆማል፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ልጅ እዚያው ላይ ነው የቆመው።

ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ያጋጠማት ነገር እዚህ ይነሣል። አዲስ አበባ ተወልዳ በአብዮቱ ዘመን በልጅነቷ ከአገር የወጣችው መዓዛ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ተዋጉ ሴቶች "ዘ ሻዶው ኪንግ" የተባለውን ልብ ወለድ ለመጻፍ ዓመታት ፈጅታለች፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ ስድስት አንዱ ሆኗል። ማኅደር ስታገላብጥ፣ የድሮ ፎቶ ስትሰበስብ፣ የሴት ተዋጊዎችን ዱካ ስትከተል ኖራለች። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው እናቷ፣ ያውም በጨዋታ መሀል፣ የመዓዛ ቅድመ አያት ራሷ ዘማች እንደነበረች የነገረቻት። ጌጤ ትባላለች። ክተት ሲታወጅ ከየቤቱ ታላቅ ወንድ ልጅ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ እንዲዘምት ታዘዘ። የጌጤ አባት ለአቅመ ዘመቻ የደረሰ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ታላቋ ልጅ እሷ ናት። አባትየው ጠመንጃውን ገና በልጅነቷ ላጋቧት ባሏ ሰጡት። ጌጤ እምቢ አለች። አባቷን ዳኛ ፊት ከሰሰች፤ ረታችም። ጠመንጃዋን ተቀብላ፣ ሸልላ፣ ዘመተች።

መዓዛ ይህን እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገረቻት እናቷን ብትጠይቃት መልሱ አጭር ነበር፤ ጠይቀሽኝ አታውቂም። በዚያ ቤት ስለ ወንዶቹ አርበኞች ሲተረክ ኖሯል። የጌጤ ታሪክም አልተደበቀም፤ ብቻ የሚጠይቅ ሰው አልመጣም። መዓዛ ከዚያ ወዲህ "ፕሮጀክት 3541" በሚል ስም፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 የነበረውን የጦርነት ዘመን የሚመለከቱ ፎቶዎችንና የቤተሰብ ታሪኮችን የሚያሰባስብ የድረ ገጽ ማኅደር ይዛለች።

ታሪኩን ጨርሶ የሚነግረው ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ገጣሚ ለምን ሲሳይ በሕይወቱ አሳይቷል። እናቱ ለትምህርት እንግሊዝ የሄደች ኢትዮጵያዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ወለደችው። ለአሳዳጊ ተሰጥቶ ኖርማን ተባለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ከዚያ ከአንዱ ሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ተዛወረ። ከማሳደጊያ ሊወጣ ሲል የልደት ወረቀቱ ሲሰጠው እውነተኛ ስሙን አየ፤ ልጄን መልሱልኝ የሚል የእናቱ ደብዳቤም አብሮት ነበር። ሲፈልግ ኖሮ እናቱን በ21 ዓመቱ ጋምቢያ አገኛት። አባቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ እንደነበሩ፣ እሱ ገና ልጅ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ እንደሞቱ የሰማው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በቦሌ ሰማይ ይመላለሱ የነበሩትን አባቱን በሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። ለምን ሲሳይ በአደባባይ ሲናገር፣ ቤተሰብ ማለት በአንድ ትዝታ ላይ ዕድሜ ልኩን የሚከራከር የሰዎች ስብስብ ነው ይላል። ሟቹ ጥጃ ያግዱ ነበር ወይስ አልተወለዱም ብለው የተጣሉት አጎቶች ምን ያህል ሀብታም እንደሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የለምን ሲሳይ ዕጣ ዛሬ የብዙ ወጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። ጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ መስጠትን ከልክሏል። የሄዱት ግን አድገው በቦሌ በኩል እየተመለሱ ነው። "ቤተሰብ ፍለጋ" የተባለ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ወላጅ ቤተሰብንና ልጅን የሚያገናኝ መዝገብ ይዟል። እነዚህ ወጣቶች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ከኤመሪዎቹ ሃያ ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም። ስሜን ማን አወጣልኝ? ወንድም እኅት አለኝ? ስወለድ ማን ነበረ? እኛ ሳሎናችን ውስጥ በነፃ አስቀምጠን የማናነሣውን መልስ እነሱ ውቅያኖስ ተሻግረው ይፈልጉታል።

የማይነገረው ሁሉ ግን በቸልታ የቀረ አይደለም። የቦሌ መንገድ በሚጀምርበት በመስቀል አደባባይ ጥግ የ"ቀይ ሽብር" ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ በ2002 ዓ.ም. ተከፍቷል። ግድግዳውን የሞሉት የወጣቶች ፎቶግራፎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስቱዲዮ ገብተው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ለሌላ ጉዳይ የተነሷቸው። ጎብኚን ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ከዚያ ዘመን እስር የተረፉ ሰዎች አሉ። በዚያን ዘመን ወላጅ ለተገደለበት ልጅ እንዳያለቅስ ይከለከል፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈል ይባል ነበር። ለቅሶ የተከለከለበት ሐዘን ቤት ውስጥ ተቀበረ። እናት የልጇን ስም ላለመጥራት ወሰነች፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ደግሞ አንድ ክፍል ለምን እንደሚቆለፍ፣ እናታቸው የተወሰነ ወር ሲመጣ ለምን እንደምትታመም ሳያውቁ አደጉ። ከናዚ እልቂት የተረፉ ቤተሰቦችን ያጠናችው ያኤል ዳኒኤሊ ይህን የዝምታ ሤራ ብላዋለች፤ ልጆችን ከሕመሙ ያድናል የተባለው ዝምታ ሕመሙን ያለ ስም ያወርሳቸዋል።

ይሁንና ሁሉ ይነገር የሚል ሰው ደግሞ ያለንበትን አገር ዘንግቷል። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ታሪክ የደም ማስታወሻም ሊሆን ይችላል። "እነ እገሌ አያትህን እንዲህ አደረጉት" ተብሎ ያደገ ልጅ ታሪክ ሳይሆን ዕዳ ነው የወረሰው። ባለፉት ዓመታት ጦርነቶች ያየነው ክፋት ግማሹ በየቤቱ እንዲህ ሲተረክ የኖረ ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ ሙሉ መሆኑን የምለይበት አንድ መንገድ አለኝ፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ የእኛ ቤተሰብ የበደለው ሰው አለ ወይ? ከሌላው ወገን አንድ ሰው ደብቆ ያሳደረን፣ እንጀራ ያቀበለን የለም ወይ? ሁለቱም ከሌሉበት ታሪኩ ተቆርጧል።

ለተናጋሪውም ትርፍ አለው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ፣ አረጋውያን ወደ ኋላ ሄደው ትዝታቸውን መደጋገማቸው የመጃጀት ምልክት ሳይሆን ሕይወታቸውን የሚያበጁበት ተፈጥሯዊ ሥራ ነው ብሏል። "አባባ ደግሞ ጀመሩ" ብለን ስልካችንን የምናነሣው ሥራ ላይ ያለን ሰው አቋርጠን ነው።

እንዴት ይጠየቅ? "ታሪክዎን ይንገሩኝ" ከተባሉ የሚነግሩዎት ለቀብር የሚነበበውን ዓይነት ነው። ጠባብ ጥያቄ ይሻላል። አዲስ አበባ የገቡ ቀን ማን ቤት አደሩ? የመጀመሪያ ደመወዝዎ ስንት ነበር፣ ምን ገዙበት? አባትዎ ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? ዓመተ ምሕረት ከጠፋቸው ዘመኑን በክስተት ይጠይቁ፤ ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ? በስድስት ኪሎ ተማሪ ሲረብሽ የት ነበሩ? ከ77ቱ ድርቅ በፊት ወልደዋል? አልበም ካለ አልበሙን ያውጡ። "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች በየሰው ቤት እየሄዱ የቤተሰብ አልበም እየገለጡ የከተማዋን የቀድሞ ገጽታ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አድርገውታል፤ አንድ ፎቶ ሁለት ሰዓት እንደሚያስወራ ያረጋገጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ ስም፣ ቦታና ዘመን ይጻፍ። እስክሪብቶ ፎቶውን ያበላሻል። ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ ግን አስፈቅዶ ነው፤ ይህ ይቅርብኝ ያሉትንም መተው ነው። ውጭ ያለው ወንድም በኢሞ ይግባ፤ የተቀዳውም የጥቅስና የአበባ ምስል በሚበዛበት የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይቀመጥ፤ ስልክ ይሰረቃልና ሌላ ሁለት ቦታም ይኑር።

እናታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። የእናታቸውን እናት ስም ከነአባቷ፣ የተወለደችበትን አገር፣ ያገባችበትን ዕድሜና የቀበረቻቸውን ልጆች ቁጥር ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉት። እሳቸው የማያውቁት ከሆነ ሊያውቁ የሚችሉትን ዘመድ ስልክ ተቀበሉና ነገ ጠዋት ለእሱ ደውሉ።